የባሕሩን ጠባይ ሳንጠይቅ ሆቴል መረጥን፦ ከመጀመሪያው የዛንዚባር ጉዟችን የተማርነው

የተጋባንበትን 10ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባለቤቴና እኔ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከ9 ዓመት ልጃችንና ከእናቴ ጋር ወደ ዛንዚባር ሄደን ነበር። ከአራታችን መካከል ከዚያ በፊት ውቅያኖስ ዳር የቆመ ሰው አልነበረም፤ ውኃ ዳር መዝናናት ሲባል የምናውቀው ላንጋኖን፣ ሐዋሳንና ባሕር ዳርን ነው። ሐይቅ ማታ ባዩት ቦታ ጠዋትም ይገኛል። ውቅያኖስ ግን እንደዚያ አለመሆኑን በሰባት ሌሊት ውስጥ፣ ገንዘብም ከፍለን፣ ተረድተናል፤ ይህን የምጽፈውም እንደ እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ደሴትና ሪዞርት ለመምረጥ የተነሣ ቤተሰብ ያንኑ ገንዘብ እንዳይከፍል ብዬ ነው።

ምርጫችንን የጀመርነው ከማልዲቭስ፣ ከሲሸልስና ከዛንዚባር ነበር። በመጀመሪያ ያየነው ፓስፖርታችን ምን እንደሚፈቅድልን ነው። ማልዲቭስ የተያዘ ሆቴልና የመመለሻ ትኬት ላለው የየትኛውም አገር ዜጋ እዚያው ሲደርስ ለ30 ቀን ያለ ክፍያ ታስገባለች። ሲሸልስም ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከመነሣታችሁ በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣትና ክፍያውን መፈጸም ግዴታ ነው። የዛንዚባር መግቢያ የታንዛንያ ቪዛ ስለሆነ እኛ በኢንተርኔት ያመለከትነው ከጉዟችን ስድስት ሳምንት በፊት ነበር፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለመጨረስ አትሞክሩ። ሦስቱም ዘንድ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት።

ማልዲቭስን ያስተወን የሆቴሉ ዋጋ ብቻ አይደለም። አገሪቱ ከ1,000 የሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ስላሏትና አብዛኞቹ ሪዞርቶች ደሴቱን ለብቻቸው ስለያዙት፣ ከዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴሉ የሚያደርሰው ፈጣን ጀልባ ወይም ውኃ ላይ የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የትንሹ አውሮፕላን የደርሶ መልስ ዋጋ ለአንድ ሰው ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ የሚበረውም በቀን ብርሃን ብቻ በመሆኑ አመሻሽ ላይ የደረሰ መንገደኛ አንድ ሌሊት ዋና ከተማዋ አካባቢ ከፍሎ ለማደር ይገደዳል። በክፍሉ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና የቱሪዝም ታክስ የሚጨመር ሲሆን፣ ታክሱ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ወዲህ 17 በመቶ ሆኗል፤ በሪዞርቶች ለአንድ ሰው በየሌሊቱ 12 ዶላር የአካባቢ ጥበቃ ክፍያም አለ። የአገሬው ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ ያሉት የእንግዳ ማረፊያዎች ዋጋቸው በጣም ይቀንሳል፤ እዚያ ግን መጠጥ ክልክል ነው፣ የዋና ልብስም የሚለበሰው በተከለለ የባሕር ዳርቻ ላይ ብቻ ነው። ለሁለት አዲስ ተጋቢዎች የማልዲቭስ ጸጥታ መልካም ሊሆን ይችላል። ለዘጠኝ ዓመት ልጅና ለ68 ዓመት እናት ግን በአሥር ደቂቃ በእግር ተዞሮ የሚያልቅ ደሴት ላይ ሳምንት መቆየት ረጅም መስሎ ታየን።

ሲሸልስ በጣም አጓጉታን ነበር። ማሔ፣ ፕራላንና ላ ዲግ የተባሉት ሦስቱ ዋና ዋና ደሴቶች በመርከብ የተገናኙ ናቸው፤ የባሕር ዳርቻዎቹ የሕዝብ ስለሆኑ ውድ ሆቴል ያልያዘ ሰውም ይዋኝባቸዋል፤ ወጥ ቤት ያላቸው የሚከራዩ ቤቶችም አሉ። የተውናት ለአራት ሰው የሚሆነው ወጪ ከአቅማችን በላይ ስለነበር ነው።

ዛንዚባር ለእኛ ቅርብ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር እዚያው አጠገብ ይደርሳል፤ ቀጥታው በረራ ሦስት ሰዓት አይሞላም፣ የሰዓት ልዩነትም የለም። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የዝናቡ ነገር ነው። የዛንዚባር ከባድ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ድረስ ይዘንባል፤ ቀላሉ ዝናብ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ አካባቢ ይመጣል። እኛ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ጨለማና ጭቃ ሲሆኑ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ወራት ናቸው። በዚህም ምክንያት ለፋሲካ በዓል እረፍት ወደ ዛንዚባር መሄድ የሚያስብ ሰው ከባዱ ዝናብ መሐል ይገባል፤ በዚያ ወቅት የሚታየው ትልቅ የዋጋ ቅናሽም የመጣው ከዚሁ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚዘጉበት ክረምት የሚሄድ ቤተሰብ በተቃራኒው ጥሩ አየር ያገኛል፤ ዋጋው ግን ያን ጊዜ የአውሮፓ ሰዎች የእረፍት ወቅት ስለሆነ ይወደዳል። እኛ ጥቅምትን መርጠን ልጃችንን ከትምህርት ቤት አንድ ሳምንት አስፈቀድናት፤ በዚህ ምርጫችን አልተቆጨንም።

የተቆጨነው በሆቴሉ ምርጫ ነው። ባለቤቴና እኔ ለሦስት ሳምንት ያህል በየምሽቱ ፎቶግራፍ ስናወዳድር፣ የመዋኛ ገንዳውን ስፋት፣ የአልጋውን መጋረጃ፣ የቁርሱን ዓይነት ስንመረምር ከረምን። በመጨረሻም በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ አንድ ሪዞርት ደስ አለንና፣ ቀኑን ለማይለውጥና ለማይሰርዝ እንግዳ የሚሰጠውን ቅናሽ ተጠቅመን ሰባቱንም ሌሊት ቀድመን ከፈልን። በፎቶግራፉ ላይ ሰማያዊው ውኃ ከሆቴሉ ደረጃ ሥር ይታያል። ውኃው እዚያ የሚቆየው በቀን ለስንት ሰዓት እንደሆነ የጠየቀ ማናችንም አልነበርንም።

የደረስንበት ቀን ጥቅምት 7 ነበር፤ ጨረቃ ሙሉ ነበረች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን አሥር ሰዓት ገደማ ሆቴሉ ስንገባ ባሕሩ ልክ በፎቶግራፉ እንዳየነው ደረጃው ሥር እየተመታ ነበር። እናቴ ሻንጣዋን ሳታስገባ ነጠላዋን ሰብስባ እግሯን ነከረች። በማግስቱ ቁርስ በልተን አራት ሰዓት ላይ ወደ ዳርቻው ስንወርድ ግን ባሕሩ አልነበረም። ከፊታችን ያለው እርጥብ አሸዋ፣ ድንጋይና አረም ሲሆን፣ ውኃው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ ማዕበሉ የሚሰበርበት ነጭ መስመር ብቻ ከሩቅ ይታያል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል። ልጃችን «ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀችን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በቀንና በሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና ጭራሽ በማትታይበት ሰሞን ልዩነቱ ይበረታል፤ በዛንዚባር ያን ጊዜ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። አራት ሜትር ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ብዙ አይመስልም። የምሥራቁ ዳርቻ ግን ከባሕሩ ዳር እስከ ኮራል አለቱ (ከጥቃቅን የባሕር እንስሳት አጽም የተሠራው፣ ውኃ ውስጥ ያለ አለት) ድረስ እንደ ሜዳ የተዘረጋ ስለሆነ ውኃው በቁመት ትንሽ ሲቀንስ በርዝመት እጅግ ይሸሻል። ፓጄ፣ ብዌጁ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ የተባሉት መንደሮች በዚህ በኩል ናቸው። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን መሬቱ ቶሎ ስለሚጠልቅ ባሕሩ ቢጎድልም የሚዋኙበት ውኃ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ በቅጡ ያስረዳችን የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ሳትሆን የባሕር አረም የምታለማ አንዲት ሴት ናት። ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ውስጥ በረድፍ የተተከሉ አጫጭር እንጨቶች ዘንድ ይወርዳሉ፤ በእንጨቶቹ መካከል በተወጠረው ገመድ ላይ ትናንሽ የአረም ቁራጮችን አንድ በአንድ ያስራሉ፣ ያደገውንም እየፈቱ በጆንያ ይሞላሉ። አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላክና ለምግብና ለጥርስ ሳሙና የሚውል ማወፈሪያ ይወጣበታል። ልጃችን ተጠግታ ስታይ ሴትዮዋ ገመዱን አስያዘቻት፤ ጣቶቿ በጨው ተሰነጣጥቀዋል፣ ቋጠሮውን ግን ሳታየው ነበር የምታስረው። ባለቤቴ በእጁ ወደ ውኃው እያመለከተ መቼ እንደሚመለስ ሲጠይቃት «ሳ ናኔ» አለችና ስምንት ጣቶቿን አነሣች። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ የእርሷ ስምንት ሰዓት የእኛው ስምንት ሰዓት ነበር። በትክክል ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው አሸዋውን እየላሰ መጣ። ከዚያ በኋላ ለቀናት መዋያችንን የምናወጣው እርሷን እየጠየቅን ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤቴ በባዶ እግሩ ወደ ውኃው ሲሄድ የባሕር ጃርት ረገጠ። ይህ ጥቁርና ክብ፣ ዙሪያውን በረጃጅም እሾህ የተሸፈነ እንስሳ ድንጋይና አረም መካከል ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ እሾሁ ሥጋ ውስጥ ይሰበርና ለማውጣት ያስቸግራል። የሆቴሉ ጥበቃ ሮጦ ጥሬ ፓፓያ አመጣና ልጣጩን በቢላ እየጫረ ነጩን ወተት ቁስሉ ላይ አንጠባጠበለት፤ የአገሩ ሰው ልማድ ይህ ነው። በማግስቱ ሐኪም አይቶት የቲታነስ መርፌ ተወጋ። ጎማ ሶል ያለው የውኃ ጫማ ከአዲስ አበባ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ይህ አይደርስብንም ነበር፤ ወደ ምሥራቁ ዳርቻ የሚሄድ ሰው ይህን ጫማ ሳይዝ አይውረድ።

አራት ሌሊት ካደርን በኋላ የቀረውን የሦስት ሌሊት ክፍያ ትተን ወደ ኬንድዋ ተዛወርን። ቀሪውን ገንዘብ እንዲመልሱልን ጠይቀን ነበር፤ ስንከፍል የተስማማንበት ጽሑፍ ግን አይፈቅድልንም ነበር። በመጀመሪያ ጉዞ ሁሉንም ሌሊት በማይመለስ ዋጋ አትክፈሉ የምለው ለዚህ ነው፤ ቅናሹ 10 ወይም 15 በመቶ ቢሆን እንኳ ያልወደዱትን ቦታ ለመልቀቅ መቻል ከዚያ ይበልጣል። ሁለት ቦታ ከፍሎ ማደር፣ አራት ሌሊት በአንዱ ሦስት ሌሊት በሌላው፣ ደሴቲቱንም ለማወቅ የተሻለ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ምሥራቁ መጥፎ ነው ብዬ ብጽፍ እውነቱን አጓድላለሁ። ባሕሩ ሲሞላ ኮራል አለቱ ማዕበሉን ከሩቅ ስለሚሰብረው ውኃው እንደ ሐይቅ የረጋ ይሆናል፤ ወገብ የሚደርሰው ጥልቀትም ብዙ ርቀት ይዘልቃል። መዋኘት የማትችለው ልጃችን ውኃ ላይ መንሳፈፍ የተማረችው እዚያ ነው። ኬንድዋ ውኃው ጥርት ያለና ቀኑን ሙሉ የሚዋኙበት ቢሆንም ከዳርቻው ጥቂት እርምጃ ሲርቁ ይጠልቃል፤ የምሽት ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ይሰማል፤ ጀልባና ጉብኝት የሚሸጡ ወጣቶችም በየደቂቃው ይመጣሉ። ጸጥታ የሚወድና በቀን የተወሰነ ሰዓት ቢዋኝ የሚበቃው ሰው ምሥራቁን ቢመርጥ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ ሰሜኑን አስቀድማለሁ፤ ባሕር ናፍቆ የሄደ ልጅ ጠዋት ወርዶ ባሕር ሲያጣ ማየት ቀላል አይደለምና።

ምሥራቁን ከመረጣችሁ ለምትሄዱበት ቀን የዛንዚባርን የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ በኢንተርኔት ፈልጉ፤ ለወራት አስቀድሞ ይወጣል። እኩለ ቀን አካባቢ ሙላት የሚሆንባቸውን ቀኖች ለባሕሩ፣ ጉድለት የሚሆንባቸውን ለከተማና ለቅመም እርሻ ጉብኝት መድቡ። የሆቴሉን ቦታ በካርታው የሳተላይት ምስል ላይ አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ከዳርቻው እስከ ነጩ የማዕበል መስመር ድረስ ፈዛዛና ሰፊ ሜዳ ከታየ ውኃው ይሸሻል ማለት ነው። ሆቴሉ ያወጣውን ፎቶግራፍ ሳይሆን እንግዶች ያነሱትን፣ ያውም እናንተ በምትሄዱበት ወር የተነሣውን፣ ተመልከቱ። በአንዳንድ ወራት ነፋሱ የባሕር አረም እየገፋ ዳርቻው ላይ ይከምራል፤ ይህን የሚናገረው በዚያው ወር የነበረ እንግዳ ብቻ ነው።

ስለ ምግቡ ጉዳይ በሰፊው መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ለእኛ ሰው ወሳኝ ነውና። ሪዞርቶች ዋጋቸውን የሚያወጡት ቁርስ ብቻ፣ ቁርስና እራት፣ ሦስቱንም ማዕድ፣ ወይም መጠጡም ጭምር ተካትቶ በሚሉ ደረጃዎች ነው። እኛ መጠጡም የተካተተበትን ኦል ኢንክሉሲቭ ይዘን ነበር፤ እናቴ ግን ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች፣ ባለቤቴ መጠጥ አይቀምስም፣ ልጃችን ደግሞ ከሩዝና ከማንጎ ሌላ አትነካም ነበር። ስለዚህ ያልበላነውንና ያልጠጣነውን ከፈልን። ለእንደ እኛ ያለ ቤተሰብ ቁርስና እራት የሚካተትበት ይበቃል፤ ምሳን በመንደሩ ባሉ ትናንሽ ምግብ ቤቶች መብላት ይቻላል። በጾም ሰሞን የሚሄድ ሰውም አይሥጋ፤ የዛንዚባር ሰው ባቄላውንም ሩዙንም ጎመኑንም በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ ቅቤ ሳይገባ የሚጣፍጥ ምግብ አይጠፋም። በመጀመሪያው ቀን ወጥ ቤት ኃላፊውን አስጠርተን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይነካበትን ቀን ስንነግረው ቀኖቹን ጻፈ፤ በዚያው ዓርብ ለእናቴ በኮኮናት የተሠራ ባቄላና ቻፓቲ የሚባል ስስ ቂጣ ለብቻው አቀረበላት። በቅድሚያ በኢሜይል መንገር ደግሞ ከዚህም ይሻላል።

ዕድሜው የገፋ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ክፍሉ ምድር ቤት እንዲሆንና ከምግብ አዳራሹ ያለውን ርቀት ጠይቁ። የእኛ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ድጋፍ የሌለው ነበር፤ የእናቴ ጉልበት ስለሚያማት ሁለት ቀን ተቸገረች። የባሕር እይታ ያለው ክፍል ማለት ባሕር ዳር ያለ ክፍል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ከበረንዳው ጥግ በዛፍ መሐል የሚታይ ሰማያዊ ቁራጭ ማለት ነው። ይህን ልዩነት በገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የክፍሉን ፎቶግራፍ አስልኩ። ከዚህ በተረፈ የአልጋ አጎበር፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ጄኔሬተርና የመጠጥ ውኃ መኖሩን ማረጋገጥ በቂ ነው።

ከሆቴሉ ዋጋ ውጭ የሚመጡ ወጪዎችን አስቀድማችሁ ደምሩ። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሰሜኑ ጫፍ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የታክሲው ዋጋ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንኛውም የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ ኢንሹራንስ የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ለአንድ አዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። እኛ ስንሄድ ደንቡ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ሳምንት ብቻ ስለነበር የሆቴሉን ሒሳብ ስናሰላ አላሰብነውም ነበር። ዶላር ስትይዙ ያረጀውንና የድሮውን ኅትመት አትያዙ፤ ብዙዎች አይቀበሉትም። ዕቃችሁንም በፌስታል ጠቅልላችሁ አትሂዱ፤ ታንዛንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች።

ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ ከሪዞርቱ ግቢ ስትወጡ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ተገቢ ነው። እናቴ ነጠላዋን እንደለበሰች ስቶን ታውን በምትባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ውስጥ ስትሄድ ወጣቶቹ ሁሉ «ሺካሞ» እያሉ ያልፏት ነበር፤ ታላቅን የሚያከብሩበት ሰላምታ መሆኑን ስትሰማ ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላቸው ጀመር። ከተማዋን ለማየት የመጨረሻዋን ሌሊት እዚያ ማደር ከሪዞርት ደርሶ ከመመለስ ይሻላል፤ ለአውሮፕላኑም ቅርብ ናት። ጠዋት ዳራጃኒ ገበያ ገብታችሁ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ግዙ፤ እናቴ የገዛችው ቅርንፉድ ዘይቱ ገና ወረቀቱን ያወዛ ነበር።

አሁን ለ2019 ዓ.ም. ፋሲካ ሌላ ጉዞ እያሰብን ነው። ያ ወቅት የዛንዚባር ከባድ ዝናብ ስለሆነ ፊታችንን ወደ ሲሸልስ አዙረናል፤ እዚያ ሚያዝያ አካባቢ ሁለቱ የነፋስ ወቅቶች የሚቀያየሩበት በመሆኑ ባሕሩ ይረጋል፤ ከግንቦት ጀምሮ ግን የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ይነሣና በዚያ በኩል ያሉትን ዳርቻዎች ማዕበልና አረም ያስቸግራቸዋል። ፕራላን ላይ ወጥ ቤት ያለው ቤት ለምታከራይ ሴት በጻፍንላት የመጀመሪያ መልእክት ስለ ዋጋ አልጠየቅናትም፤ ቤቷ በየትኛው ነፋስ በኩል እንደሆነና ውኃው ሲጎድል ከደጃፏ ምን ያህል እንደሚርቅ ነው የጠየቅናት።